ለአዴ ሙሚና የወረደችው ጨረቃ

ከዓይን ሕክምና ከተመለስኩ ወዲህ ልጆቼ ከቤት አላስወጣ ብለውኛል። ሞራው የተገፈፈለት ዓይን አቧራ አይወድም፣ ማጎንበስ አይወድም፣ ከባድ ነገር ማንሳት አይወድም፤ የማይወደው ነገር ብዛቱ የአዲስ ሙሽራ ያህል ነው። እኔም እሺ ብዬ ጠዋት ጠዋት በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ቁጭ እልና ወለሉን አያለሁ። ወለሉን የማየው የሚታይ ነገር ስላለበት ነው። የቤታችን ክዳን ቆርቆሮ ነው፤ ራሴ ነኝ የመታሁት፤ አርጅቷል። ምስማሩ የለቀቀበት፣ ዝገት የበላው፣ በረዶ የቀጠቀጠው ቦታ ሁሉ ቀዳዳ አበጅቷል፤ እና ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ወጥታ ጣሪያውን ስትመታው በየቀዳዳው ብርሃን ይገባና ሲሚንቶው ላይ ሳንቲም ሳንቲም የሚያህል ክብ ነገር ይበተናል።

ዕድሜዬን ሙሉ አናጢ ነበርኩ። ሚኤሶ፣ ቦርደዴ፣ መሰላ፣ ቆርቆሮ ያልመታሁበት ከተማ የለም፤ ቀዳዳ አውቃለሁ። ከእነዚህ ቀዳዳዎች አንዱም ክብ አይደለም። አንዱ ስንጥቅ ነው፣ አንዱ ሦስት ማዕዘን ነው፣ አንዱ አይጥ የበላው ቂጣ ይመስላል። ታች የሚያርፈው ብርሃን ግን ሁሉም ክብ ነው። አዲሱ ዓይኔ ጥርት አድርጎ ሲያሳየኝ፣ እንዲያው ወለሉን እያየሁ ለብቻዬ ፈገግ ስል፣ የልጄ ሚስት አጮልቃ አየችኝና ለባሏ ስታንሾካሹክ ሰማኋት። ጆሮዬም ደህና ነው።

የመረመረችኝ ሐኪም ልጅ እግር ናት። በዚያች ትንሽ መብራቷ የዓይኔን ውስጥ ስታይ ስታይ ቆየችና፣ «አባባ፣ ሞራው ብቻ ነው እንጂ የዓይንዎ ጀርባ የልጅ ዓይን ይመስላል፤ እግዚአብሔርን ያመስግኑ» አለችኝ። አመሰገንኩ። ግን ከእሱ ቀጥሎ የማመሰግናቸው ሌላ ሰው ነበሩኝ፤ ወለሉን ባየሁ ቁጥር የሚመጡብኝም እሳቸው ናቸው። ወለል ማየት የሳቸው ሥራ ነበርና።

ያኔ ከተማችንን አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት፤ ጭሮ የሚላት ከገጠር የሚወጣው ገበያተኛ ነው። አባቴ የመንገድ ሠራተኛ ነበር፤ ወደ ሐረር የሚወስደውን አውራ ጎዳና ጉድጓዱን ሲደፍን ውሎ ማታ እሱ ራሱ አቧራ ሆኖ ይገባል። ቤታችን ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ነው፤ አጥራችን ቅንጭብ ነው፤ ከቅንጭቡ ወዲያ የአዴ ሙሚና ግቢ አለ፤ በመካከሉ ዶሮና ልጅ የሚሾልክበት ቀዳዳ አለ። ትልቅ ሰው በዋናው በር ዞሮ ይመጣል፤ እኔና የአዴ ሙሚና የልጅ ልጅ ጀማል ግን እንደ ዶሮዎቹ ነበርን።

አዴ ሙሚና፣ አዴ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው፣ ወገባቸው የታጠፈ አሮጊት ነበሩ። በወጣትነታቸው ከተራራው እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ ነው አሉ ጎብጠው የቀሩት፤ እኔ ካወቅኋቸው ጀምሮ ግንባራቸው ወደ መሬት፣ ጀርባቸው ወደ ሰማይ ነበር። አንገታቸውን ቢያነሱ ቢያነሱ የሰው ጉልበት ድረስ ነው የሚያዩት። ስለዚህ ሰውን የሚያውቁት በእግሩ ነበር። እናቴ ገና ሰላምታ ሳታወጣ «ተረከዝሽ ተሰነጠቀ፣ ቅቤ ቀቢው እንጂ» ይሏታል። የሰፈሩ መርፌ የሚጠፋው እሳቸው ጋ እስኪደርስ ነው፤ ቁልፍ፣ ምስማር፣ የጆሮ ጉትቻ፣ የወደቀ ሁሉ ከሳቸው አያመልጥም። ጠዋት ጠዋት ከቡና ገለፈት ሐሸር አፍልተው ወተት ጣል ያደርጉበትና መንገድ ዳር ለከባድ መኪና ረዳቶች ይሸጣሉ፤ ረዳቱ ከፍሎ ሊሄድ ሲል «ጫማህ አፉን ከፍቷል፣ ሳይበላህ አሰፋው» ይሉታል። መሬት ላይ ያለ ነገር ሁሉ የሳቸው ነበር፤ ያጡት ሰማዩን ብቻ ነው።

ከሰማዩም ኮከቡን፣ ደመናውን አይመኙም፤ አንዲት ነገር ብቻ ነበር የሚመኙት። ረመዳን ሲገባና ሲወጣ፣ አዲሲቷ ጨረቃ ከምዕራቡ ተራራ በላይ ለጥቂት ጊዜ ብቅ ብላ ስትጠልቅ፣ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አይቷት እጁን ዘርግቶ ዱዓ ሲያደርግ፣ እሳቸው የሌላውን ሰው እግር እያዩ ነው ዱዓ የሚያደርጉት። አንድ ዓመት በጎናቸው መሬት ላይ ተኝተው ሞክረው ነበር፤ ቅንጭቡ ጋረዳቸው። «እኔስ» ይሉ ነበር ሐሸሩን እያማሰሉ፣ «ሳልሞት አንድ ቀን በራሴ ዓይን ባየኋት። የሰው ወሬ እያመንኩ ነው ስጾም የኖርኩት።»

ወሬውንም ቢሆን እንዲሁ አያምኑም። ጨረቃ ሊያዩ ተራራ የወጡት ወንዶች «ታየች!» እያሉ ሲወርዱ፣ «ወንድ ልጅ ሲርበው በየቅርንጫፉ ጨረቃ ያያል» ይላሉ። ጀማልንም አይጠይቁትም፤ እሱ ለኢድ አዲስ ልብስ ስለሚጠብቅ በሃያኛው ቀንም ቢሆን ጨረቃ ያያል። የሚጠሩት እኔን ነበር። በቅንጭቡ ቀዳዳ ከዘራቸውን አሳልፈው ግድግዳችንን ኳ ኳ ያደርጋሉ፣ እኔም እሾልካለሁ፣ ትከሻዬን ይዘው ወደ ምዕራብ ያዞሩኛል።

«አንተ ጾሙም አይመለከትህ፣ ኢዱም አይመለከትህ» ይሉኛል፤ «ስለዚህ አትዋሽም። እይልኝ ኢልመ ኮ። ጅአ ወጥታለች?»

ኢልመ ኮ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ጅአ ደግሞ ጨረቃዋ ናት። እኔም አያለሁ። ካየኋት «አለች» እላለሁ፣ ካላየኋት «የለችም» እላለሁ፤ እሳቸው ግን በዚያ አይለቁኝም።

«እንዴት ናት? ተኝታለች ወይስ ቆማለች?»

ይሄ ጥያቄ ነው ሰማይን ያስተማረኝ። ሌላው ልጅ ጨረቃ ናት ብሎ ያልፋል፤ እኔ ግን ስለምጠየቅ አስተውል ነበር። ጨረቃ በየወሩ አንድ ዓይነት አትወለድም። በየካቲትና በመጋቢት በጀርባዋ ትተኛለች፤ ሁለቱ ጫፎቿ እንደ በሬ ቀንድ ወደ ላይ ናቸው። በመስከረምና በጥቅምት ወደ ጎኗ ታዘነብላለች። ከተኛች «ውሃዋን ይዛለች፣ አታፈስም» ይላሉ፤ ካዘነበለች «ይኸው ልታፈስ ነው» ይላሉ። ዝናቡ እንደሳቸው ነገር ሲዘንብም ሳይዘንብም አይቻለሁ። ከነገርኳቸው በኋላ ሁለት መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ፊታቸውን ያብሳሉ፤ ከዚያ ከመቀነታቸው ሁለት ፍሬ ተምር ፈትተው ይሰጡኛል። ሰው በሰማ ቁጥር «ይሄ ልጅ ዓይኔ ነው» ይሉ ነበር። ጀማል ይቀናል፤ ተምሩን ግን እናካፍላለን።

በአርባዎቹ መጨረሻ ላይ ነው፤ ታኅሣሥ ነበር፣ ማሽላው እየታጨደ። መምህራችን አንድ ከሰዓት በኋላ ሰሌዳው ላይ ሦስት ክብ ነገር ሣሉና ነገ ጠዋት ፀሐይ እንደምትጨልም ነገሩን። ብዙ አስረዱ፤ ከዚያ ሁሉ ማስረዳት እኔ የያዝኩት የመጨረሻውን ብቻ ነው፦ «ማንም ሰው ፀሐይዋን በባዶ ዓይኑ እንዳያይ!» እንዳታዩ ባይሉን ኖሮ ማን ያያት ነበር? ፀሐይ እኮ በየቀኑ አለች።

በማግስቱ እናቴ ትምህርት ቤት ቀርቶብህ ከግቢ እንዳትወጣ ብላኝ ነጠላዋን አደግድጋ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ጎረቤቶቿም ተከትለዋት እግዚኦ ሊሉ ሄዱ። ወንዶቹ ሙስሊሞች ደግሞ ለሶላት መስጊድ ገብተዋል። ደጁ ለልጅና ለዶሮ ቀረ። ጀማል አጎቱ ከመሰላ ያመጣለትን ጥንቅሽ ይዞ በቀዳዳው ሾለከ። ጥንቅሽ እንደ ሸንኮራ የሚመጠጥ የማሽላ አገዳ ነው፤ ያውም ወፍራም፣ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ያለበት፣ ገና ሲያዩት ምራቅ የሚያስውጥ።

«ፀሐይዋን አብረን እናያለን» አለኝ። «ቀድሞ ዓይኑን የሰበረ ተሸነፈ። ጥንቅሹ የአሸናፊው ነው።»

«አያትህ የማንን ዓይን ዓይኔ ነው እንደሚሉ አታውቅም?» አልኩት።

«እናያለና!»

በአዴ ሙሚና ግቢ፣ ከትልቁ ሾላ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ የተንጋለለ ድንጋይ አለ። እሱ ላይ ወጣን። ፀሐይዋ ከተራራው ከፍ ብላለች፤ አንድ ጎኗ መበላት ጀምሯል። ከዚያ ጠዋት ብዙ ነገር አስታውሳለሁ። ብርሃኑ ወደ ናስ ሄደ። የታኅሣሥ ብርድ ሄድ ካለ በኋላ ተመልሶ መጣ። ዶሮዎቹ ተጠራርተው ወደ ቆጣቸው ገቡ፤ አውራው ግራ ገብቶት መግቢያው ላይ ቆሞ ቀረ። መንገዱ ላይ አንድም መኪና የለም። እኔም አገጬን አንስቼ አፈጠጥኩ። እንባዬ ይወርዳል፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ነገር ዓይኔ ውስጥ ይዋኛል፣ ከጎኔ ጀማል ያቃስታል፤ እሱ ካቃሰተ ሊሸነፍልኝ ነው ብዬ ይበልጥ አፈጠጥኩ።

አዴ ሙሚና ቀና ብለው ሊያዩን አይችሉም። ያዩት ጥላችንን ነው። የሁለት ልጆች ጥላ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ አይሮጥም፣ አይታገልም፣ አይንቀሳቀስም፤ አገጫቸው ተሰቅሏል። የልጅ ጥላ ያለ ነገር እንደማይቆም ያውቃሉ። እኔ የሰማሁት የከዘራውን ድምፅ ነው፤ ቀጥሎ የከዘራው ቆልማማ ጫፍ ቁርጭምጭሚቴን ያዘና ከድንጋዩ ላይ ጎተተኝ። በቂጤ ተንሸራትቼ እግራቸው ሥር ወደቅሁ።

«ያ ዓይን የኔ ነው!» አሉ። እንደዚያ ቀን ተቆጥተው አላውቅም። «ማንን አስፈቅደህ ነው የምታቃጥለው? ማነው ጅአን የሚያይልኝ? ተናገር!»

ከላይ ጀማል «አሸነፍኩ! ጥንቅሹ የኔ ነው!» ይላል፤ ግን ማሸነፉን ለማረጋገጥ ይመስለኛል፣ አሁንም አልወረደም።

«አንተም ውረድ፣ እብድ!»

እኔን በክንዴ ይዘው እየጎተቱ ከሾላው ጥላ ሥር አስገቡኝና ነጠላቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጣሉብኝ። ከዚያ ለሁለተኛው ሊመለሱ ዞሩ። ዞሩና ቆሙ። ከነጠላው ሥር ሆኜ እግራቸውን አያለሁ፤ አልተንቀሳቀሰም። ከዘራቸው ወደቀ። ነጠላውን ገለጥ አድርጌ አየሁ።

መሬቱ ሁሉ ጨረቃ ነበር።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። አዴ ሙሚና ግቢያቸውን ሁልጊዜ ጠርገው ውሃ ይረጩበታል፤ ያ የተረጨ መሬት ላይ፣ በሾላው ቅጠል መካከል የሚወርደው ብርሃን፣ ሌላ ጊዜ ክብ ክብ የሚሆነው፣ ያን ቀን አንድም ክብ የለውም። ሁሉም ማጭድ ነው። ትንሽ፣ ትልቅ፣ የደበዘዘ፣ የጠራ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተነባበረ፣ ሁሉም ጫፍና ጫፉ ሾሎ ወደ አንድ በኩል የዞረ። ነፋስ ቅጠሉን ሲነካው ሁሉም አብረው ይንቀጠቀጣሉ። በአዴ ሙሚና ጫማ ላይ አለ፣ በቀሚሳቸው ዘርፍ ላይ አለ፣ እጃቸውን ሲዘረጉ መዳፋቸው ላይ ወጣ።

«ጅአ» አሉ ቀስ ብለው። «ኢልመ ኮ፣ ጅአ ናት። ታየችኝ።»

ከዚያ ድምፃቸው ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ «ጨረቃ ወጣች! ጨረቃ ወጣች!» ብለው ጮኹ። በቤት የቀሩት ሴቶች በጭንቅ ላይ ስለነበሩ መልካም ወሬ መሆኑን ብቻ ሰምተው እልልታውን አቀለጡት። የሙስሊሙ ሰፈር ሕፃናት ጨረቃ የሚለውን ሰምተው «ኢድ ነው! ኢድ ነው!» እያሉ ወደየቤታቸው ሮጡ፤ አንዷ እናት ልጇ ሣጥን ከፍቶ አዲስ ሱሪ ሲፈልግ ደረሰችበት። ረመዳን የት፣ ኢድ የት! ከመስጊድ የወጡ አንድ ጎረቤት፣ ሐጂ የምንላቸው ሰው፣ በሩን ገፍተው ገቡ።

«አዴ ሙሚና፣ ምንድን ነው ሰው የምታሳብዱት? ይሄ እኮ ጨረቃ አይደለም። ፀሐይዋ ናት የታመመችው!»

«ቀንድ አላት ወይስ የላትም?»

«አላት፣ ግን...»

«እናንተ ተራራ ወጥታችሁ አንድ ታያላችሁ። ለኔ ደጄ ድረስ ከነልጅ ልጇ መጣች። ተወኝ ሐጂ፣ ዱዓዬን ላድርግ።»

ሐጂም መሬቱን አዩ፣ የራሳቸውን ነጭ ጀለቢያ አዩ፤ ደረታቸው ሙሉ ማጭድ ነው። አጠገባቸው ቆሙ።

ጀማል የወረደው ያኔ ነው፤ ጥንቅሹን እያውለበለበ። ወዲያው ሰብሮ ግማሹን ሰጠኝ፤ የተሸነፈ ሰው እንኳ ከሱ ጋር አይራብም ነበር። ማታ ላይ ግን ራት ሲበላ «ሳህኑ መሃል ላይ ዝንብ አለ» ብሎ ሊያባርር እጁን አነሳ። ዝንብ አልነበረም። ቀኝ ዓይኑ እያደር ተሻለው፤ በግራው መሃል ግን ያቺ ነጥብ ቀረች፣ እስከ ዛሬ አለች። አዴ ሙሚና ስንት ሌሊት አጠገቡ ተቀምጠው ቁርአን እንዳስነበቡለት፣ ስንት መድኃኒት አዋቂ ቤት እንደወሰዱት እኔ ነኝ የማውቀው። «እኔ ጨረቃዬን ሳይ» ይሉ ነበር፣ «ልጄ ፀሐዩን አየ።» ሌላው ሰው ስለዚያ ቀን ሲያነሳ ወሬ ይለውጣሉ፤ ደስታቸውን ሙሉ በሙሉ አልቀመሱትም።

የፈወሳቸው ጀማል ራሱ ነው፣ በቀልድ። «አያዬ፣ ቀኝ ዓይኔን ከጨፈንኩ የሁሉም ሰው ፊት ይጠፋል፤ ኮፍያና አንገት ብቻ ነው የማየው። መልከ ጥፉ ሲመጣብኝ እንዴት እንደሚጠቅመኝ ብታውቂ!» ይላቸዋል። «ደሞ እኮ አሸንፌያለሁ!» እሳቸውም በመጨረሻ ይስቃሉ፤ ሲስቁ ጀርባቸው ብቻ ነው የሚታየው፣ እንደ ኮርቻ ይነቃነቃል። በሚቀጥለው ረመዳን ግድግዳችን እንደ ወትሮው ኳ ኳ አለ። ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ዱዓ አደረጉ፣ ተምር ሰጡኝ። «ያኔ ያየኋት ትበልጣለች» አሉኝ ግን በጆሮዬ። እስኪሞቱ ድረስ ዓይናቸው ሆኜ ኖርኩ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። አናጢ ጋ ገባሁ፤ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በሌላው የእንጨት ቀጥታነት እያየሁ ስድስት ልጅ አሳደግሁ። ማገር ላይ ቆሜ ምስማር በያዝኩ ቁጥር ያቺን ከዘራ አስባት ነበር። መሃሉ ጥቁር በሆነ ዓይን ውኃ ልክ አይታይም።

የልጅ ልጄ ቤተልሔም ሚኤሶ ሳይንስ ታስተምራለች። ባለፈው እሑድ ልትጠይቀኝ መጥታ ስለ ወለሉ ክቦች ነገርኳት፤ ስለ ሾላውም፣ ስለ አዴ ሙሚናም። ሳቀች፣ ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ጠባብ ቀዳዳ፣ ቅርጹ ምንም ይሁን፣ ወደ ታች የሚያወርደው የራሱን መልክ ሳይሆን የፀሐይዋን መልክ ነው። ወለሌ ላይ የማያቸው ክቦች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ፀሐይ ናቸው። ያን ቀን ፀሐይዋ ማጭድ ስለነበረች በየቅጠሉ መካከል ማጭድ ወረደ።

«እንግዲያው ሐጂ ልክ ነበሩ» አልኳት፤ እውነት ለመናገር ትንሽ ከፋኝ። «አዴ ሙሚና ያዩት ጨረቃ አልነበረም።»

«ቆይ እንጂ አባባ» አለችኝ። «ማጭዱን ማጭድ ያደረገው ማን ይመስልሃል? የጎደለው፣ የተጋረደው ቦታ፣ እሱ እኮ ነው ጨረቃዋ። ደግሞ ጨረቃ ፀሐይን የምትጋርደው አሮጌው ወር አልቆ አዲሱ በሚጀምርባት ሰዓት ብቻ ነው። በሌላ ወር ያን ሰዓት ማንም ሰው አያያትም።»

ሻይዬን አስቀመጥኩ። እንግዲህ ተራራ የሚወጡት ሰዎች የሚያዩዋት ተወልዳ ያደረችውን ነው። አዴ ሙሚና፣ ጎብጠው፣ ሾላ ሥር፣ ያዩዋት ገና ስትወለድ ነው። ከዚያ ሰፈር ቀና ብሎ የሚሄድ ሁሉ እንደሳቸው ገና ለጋ ጨረቃ አይቶ አያውቅም። ይህን ሳልነግራቸው ሞቱ፤ እኔም ሳላውቀው ስንት ዘመን ኖርኩ።

ሾላው ዛሬ የለም። ግቢው ተሸጦ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ የተረጨ መሬት የነበረው ሲሚንቶ ነው፤ ቅንጭቡ በብሎኬት ተተክቷል፣ ብሎኬት ደግሞ ከዘራ አያሳልፍም። ማታ የመንገዱ መብራት ሲበራ ኮከቡ ወደ ኋላ ይሸሻል። ስለ ጨረቃ የሚጠይቅ የለም፤ መታየት አለመታየቷን ስልክ ይናገራል፣ መተኛት መቆሟ ግን የማንም ጉዳይ አይደለም። እኔም ይህን ዓይን ታክሜ ምን ላይበት ነው ብዬ ነበር።

ትናንት አመሻሽ ላይ ስልኬ ጮኸ። ጀማል ነው፣ ከቦርደዴ፤ ጫት ሲነግድ ኖሮ አሁን ቤት ውሏል። ያ ደህናው ቀኝ ዓይኑም ሞራ ለብሶበት ሐኪም ቤት ተራ ይጠብቃል።

«እህ፣ ባለ አዲስ ዓይን!» አለኝ። «ቴሌቪዥኑ ረመዳን ገባ፣ ታየች ይላል። ልጆቼም ታየች ይላሉ። እኔ ማንንም አላምንም። አንተ ጾሙም አይመለከትህ፣ ኢዱም አይመለከትህ።»

«አቧራ ነው፣ አትውጣ ተብያለሁ» አልኩት።

«ውጣ እንጂ ሽማግሌ! እኔ ለአንድ ጥንቅሽ ፀሐይን ፊት ለፊት ቆሜ አይቻለሁ፣ አንተ አቧራ ትፈራለህ?»

የልጄ ሚስት እየጮኸችብኝ ወጣሁ። የብሎኬቱን አጥር ተደግፌ፣ ከፎቁና ከመብራቱ ምሰሶ መካከል ወደ ተራራው አሻግሬ ቀና አልኩ። ነበረች። ቀጭን፣ የጠራች፣ ለብዙ ዓመት እንደዚያ አድርጌ ያላየኋት። ትከሻዬ ላይ እጅ ያረፈ መሰለኝ።

«እንዴት ናት?» አለኝ ጀማል። «ተኝታለች ወይስ ቆማለች?»

«ተኝታለች» አልኩት። «ሁለቱም ቀንዶቿ ወደ ላይ ናቸው። ዱዓ ስታደርግ አያትህን አንሳልኝ።»

ከስልኩ ወዲያ ከንፈሩ ሲንሾካሾክ፣ ከዚያ ሁለቱ መዳፎቹ በጺሙ ላይ ሲያልፉ ኮሽ ሲሉ ሰማሁ።